ታመው ቤት ሲውሉ ከባድ ልቦለድ እንዴት ይነበባል

አልጋ የያዘ አንባቢ ትኩሳቱ ገና ሳይበርድ አንድ ነገር ያስባል፦ «ቤት ከዋልኩ አይቀር ያን ወፍራም መጽሐፍ ልጨርሰው።» ሁለት ቀን ሳይሞላ መጽሐፉ ደረቱ ላይ ተደፍቶ እሱ ስልኩን ሲነካካ ይገኛል። ከዚያ በሕመሙ ላይ ጸጸት ይደረብበታል።

የተሳተው ሒሳቡ ነው። ሕመም ሰዓቱን በገፍ ይሰጣል፤ ልብ ብሎ የማንበቢያውን ጉልበት ግን ይወስዳል። ከባድ ልቦለድ የሚበላው ደግሞ ይህንኑ ጉልበት ነው። ስለዚህ ንባቡን መለካት ያለብዎት በቀን ውስጥ ጭንቅላትዎ ጥርት በሚልባት አጭር ጊዜ ልክ ነው፤ የቀረው ሰዓት ለንባብ እንደሌለ ይቁጠሩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያቺን አጭር ጊዜ ስለማግኘትና ስላለማባከን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሳንባ ምች ሦስት ሳምንት ቤት ስውል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቱንም ጊዜ መሀል ላይ ጥዬዋለሁ።

1. የማይነበብበትን ቀን ይለዩ

ትኩሳቱ ወጥቶ ብርድ ብርድ በሚልዎ ቀን፣ በሚያስመልስዎ ቀን፣ ራስዎን ወጥሮ በያዘዎ ቀን መጽሐፍ አይክፈቱ። ራስ እየታመመ ዐይንን ማስገደድ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ ገጽ አያስገፋም። በትኩሳት ሰውነት ፈሳሽ ያጣል፣ የፈሳሽ ማነስ ደግሞ በራሱ ሐሳብን ያፈዛል። የዚያን ቀን ሥራዎ መጠጣትና መተኛት ነው።

ማንበብ መቻልዎን ከተጠራጠሩ ቀላል መፈተኛ አለ። ግማሽ ገጽ ያንብቡና በእጅዎ ሸፍነው «ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ከመጣ ይቀጥሉ። ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት። ሁለተኛውም ካልያዘ ቀኑ የማዳመጥ ቀን ነው፤ ስለ ማዳመጥ ወደ ኋላ ላይ እመጣለሁ።

ከንባብ ጉዳይ የሚያልፉ ሁለት ነገሮች አሉ። ከትኩሳት ጋር አንገትዎ አልታጠፍ ካለ፣ ብርሃን ማየት ካስጨነቀዎ፣ ወይም ሐሳብና ንግግርዎ ከተምታታ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቤት ያዋለዎ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ንባብንም ስክሪንንም ቀነስ ማድረግ፣ ከዚያ ስሜቱ እስካልተባባሰ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ነው የሚመከረው።

ቨርጂኒያ ዉልፍ ስለ መታመም እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው መጣጥፍ፣ በሽተኛ ረጅሙን የዝርው ጉዞ አይዘልቀውም፣ የሚስማማው ግጥም ነው የሚል ሐሳብ አንስታለች። ሕመምን ከማንም ባላነሰ ታውቃለች፤ ስለ ትኩሳቱ ቀን ልክ ናት። ከትኩሳቱ በኋላ ስለሚመጡት፣ ድካም ብቻ ስለቀረባቸው ረጃጅም ቀናት ግን አልስማማም። ልቦለዱ የሚነበበው ያኔ ነው።

2. ጥርት የሚልበትን ሰዓት ይፈልጉ

ለሁለት ቀን ምንም ከባድ ነገር ሳይጀምሩ ሰዓት ብቻ ይመዝግቡ። ከእንቅልፍ እንደነቁ፣ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ማታ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ «ጥርት»፣ «ፈዘዝ» ወይም «የለም» ብለው ይጻፉ። ሁለት ቀን በቂ ነው። ሕመም ያልተስተካከለ ቢመስልም የራሱ ሰዓት አለው።

የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት እንኳ ንጋት አካባቢ ዝቅ ብሎ አመሻሽ ላይ ከፍ ይላል፤ ትኩሳትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ዑደት ይከተላል። የብዙ በሽተኛ ጥሩ ሰዓት ጠዋት የሚሆነው ለዚህ ነው፦ ከነቁ፣ ፊትዎን ከታጠቡና አንድ ነገር ከቀመሱ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ። የሚያሳዝነው፣ ያቺን ሰዓት አብዛኞቻችን በስልክ ላይ ነው የምንጨርሳት። ለልቦለዱ ሲሉ ሌላ ምንም መሥዋዕት ባይከፍሉ፣ ጠዋት ከስልኩ በፊት መጽሐፉን ማንሣት ብቻ ለውጥ ያመጣል።

የመድኃኒትንም ሰዓት ይመልከቱ። ፓራሲታሞል ከተዋጠ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓትም ይቆያል። በመካከሉ ያለው ቀለል ያለ ጊዜ ለንባብ ይሆናል። ንባቡን ወደ መድኃኒቱ ሰዓት ያስጠጉ፤ ለንባብ ብሎ መድኃኒት መጨመር ወይም ሰዓቱን ማዛባት ግን አይሆንም። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፣ የቅርብ እይታንም ሊያደበዝዙ ይችላሉ። እነሱን በወሰዱበት ሰዓት ምንም አልገባኝም ብለው በደራሲው አይፍረዱ። እንቅልፍ የሚነሣ መድኃኒት ከሆነ የታዘዘልዎ ደግሞ፣ ሌሊት የፈጠጠ ዐይን የነቃ አእምሮ ማለት እንዳልሆነ ያስታውሱ።

3. ለሕመምዎ የሚሆነውን ክብደት ይምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ከባድ ልቦለድ» በሚል ስም የሚጠሩት መጻሕፍት የሚከብዱት በተለያየ ምክንያት ነው፤ አንዱ ክብደት ለበሽተኛ ሲቀል ሌላው ይገድለዋል።

ርዝመት ከሁሉም የቀለለው ነው። ሺህ ገጽ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ በአንድ ጊዜ የሚነበበው አንድ ገጽ ነው። ወሳኙ ምዕራፉ ነው። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» 361 ምዕራፎች አሉት፤ ብዙዎቹ በአንድ መቀመጫ፣ ይቅርታ፣ በአንድ መጋደሚያ የሚያልቁ ናቸው። የሜልቪል «ሞቢ ዲክ» 135 ምዕራፍ ሆኖ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ገጽ ብቻ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው፣ ምዕራፉ የሚያጥር ወፍራም መጽሐፍ ምዕራፉ ስልሳ ገጽ ከሚሄድ ቀጭን መጽሐፍ ይሻለዋል። ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት የገጹን ብዛት ትተው ማውጫውን ይመልከቱ፤ ማውጫ ከሌለው ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ምዕራፉ የት የት እንደሚቆም ይዩ።

የገጸ ባሕርያት ብዛትም ያስፈራል፤ ግን ከታች የማሳይዎ አንዲት ወረቀት ትፈታዋለች።

የተዘበራረቀ ጊዜ ቁልፉ ካለ ይነበባል፣ ከሌለ አይነበብም። የዊልያም ፎክነር «ድምፁና ቁጣው» እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣ፣ አራት ክፍል ያለው ልቦለድ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል የሚተርከው ቤንጂ ትናንትንና የዛሬ ሃያ ዓመትን ሳይለይ ነው የሚናገረው። ሳያውቁ የገቡበት ሰው አሥር ገጽ አይሄድም። ቁልፉ ግን ቀላል ነው፦ ቤንጂን በዚያ ሰዓት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ይዩ። ቨርሽ ከሆነ ልጅነቱ ነው፤ ቲ.ፒ. ከሆነ የወጣትነቱ ዘመን ነው፤ ለስተር ከሆነ አሁን ነው። ኬንቲን የሚባሉትም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፎ የያዘ በሽተኛ፣ ምንም ሳያውቅ ከገባ ጤነኛ ይበልጥ ይረዳዋል። እንዲያውም ራሱ በትኩሳት ቀኑና ሌሊቱ ለተምታታበት ሰው ይህ ዓይነት አተራረክ ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም።

አደገኛው ክብደት የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። ማርሴል ፕሩስት አስም ያሠቃየው ሰው ነበር፤ ድምፅ እንዳያስቸግረው ግድግዳው በቡሽ በተለበጠ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ነው ሰባት ቅጽ ያለውን ሥራውን የጻፈው። በአልጋ ላይ የተጻፈ ስለሆነ በአልጋ ላይ ይነበባል ብዬ አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ግማሽ ገጽ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያውን መያዝን ይጠይቃል፤ ሕመም ቀድሞ የሚነጥቀው ደግሞ ይህንን ችሎታ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለማገገሚያው ሳምንት ያቆዩት።

የሐሳብ ሙግት የሞላበት ልቦለድ መካከለኛ ነው። ቶማስ ማን እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመው «አስማተኛው ተራራ» ውስጥ ሀንስ ካስቶርፕ የታመመ የአጎቱን ልጅ ለሦስት ሳምንት ሊጠይቅ ወደ ሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ ሄዶ ሰባት ዓመት ይቆያል። የአልጋ ላይ ቀን እንዴት እየረዘመ ሳምንቱ ግን እንዴት እንደሚያጥር በዚያ መጠን የገለጸ ሰው አላነበብኩም። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሁለት ተሟጋቾች ክርክራቸውን ሲያከሩት ግን ገጹን በሩጫ ቢያልፉት ማንም አይከስዎትም።

የሐዘኑ ክብደትም ክብደት ነው። ሕመምዎ ራሱ የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ ሞትና ሥቃይ የበዛበትን ታላቅ መጽሐፍ ዛሬ ማንበብ ግዴታ የለብዎትም።

ቋንቋውንም ይቁጠሩት። በሁለተኛ ቋንቋ ማንበብ ጤነኛ ሆነው የማይታወቅዎ ድካም አለው፤ ሲታመሙ ግን ወዲያው ይታወቃል። ጥሩ የአማርኛ ትርጉም ካለ ያለ ኀፍረት እሱን ይያዙ። በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ አንድ ገጽ ሞክረው፣ የማያውቁት ቃል ከአምስት ካለፈ ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡት። የአማርኛ ሁሉ ቀላል ነው ማለትም አይደለም፤ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በቃላቱ ጥልቀት ጤነኛውንም አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

በመጨረሻ፣ ከከባዱ ጎን አንድ ማረፊያ መጽሐፍ ያስቀምጡ፦ አጭር ታሪክ፣ ግጥም፣ ወይም ከዚህ በፊት አንብበው የወደዱት ልቦለድ። «ፈዘዝ» ያሉባቸው ሰዓቶች የእሱ ናቸው። ሦስተኛ መጽሐፍ ግን አይጨምሩ።

4. አልጋውንና ብርሃኑን ያዘጋጁ

በጀርባ ተኝቶ መጽሐፍን ወደ ላይ አንሥቶ መያዝ በአምስት ደቂቃ ክንድ ያዝላል፤ ካዘናጋዎም ፊትዎ ላይ ይወድቃል። ጀርባዎን በትራስ ደገፍ አድርገው ከፍ ይበሉ፣ ከጉልበትዎ ሥር ሌላ ትራስ ያስገቡ፣ ሦስተኛውን ጭንዎ ላይ አድርገው መጽሐፉን በእሱ ላይ ያቁሙት። ገጹ ከዐይንዎ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ። አንገትዎ ወደ ደረትዎ ካጎነበሰ መጽሐፉ ገና ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

ብርሃኑ ከትከሻዎ ኋላ መጥቶ ገጹ ላይ ይረፍ። ፊት ለፊት ያለ አምፖል ራስ ምታት ለሚያስቸግረው ሰው ክፉ ነው። በስልክ ወይም በታብሌት የሚያነቡ ከሆነ ፊደሉን ያለ ንፍገት ያተልቁት፣ ብርሃኑን ከክፍሉ ጋር ያመጣጥኑት፣ መልእክት እንዳይገባ ይዝጉት። ስክሪን ላይ ዐይን የመርገብገቡ መጠን ስለሚቀንስ ቶሎ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ዐይንን ያሳርፋል።

ሺህ ገጽ ያለው መጽሐፍ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ደግሞ 200 ግራም ገደማ ነው። እጁ ለደከመ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ማንበቢያው ከሌለና መጽሐፉ የራስዎ ርካሽ ቅጂ ከሆነ በጥርዙ ላይ ለሁለት መክፈል ይቻላል። መጽሐፍ ወዳዶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አድርጌዋለሁ፣ ሁለተኛውን ግማሽም አንብቤዋለሁ።

የተዋሱት መጽሐፍ ከሆነና ሕመምዎ የሚተላለፍ ከሆነ እጅዎን ታጥበው ይያዙት፤ ገጹን በምራቅ በረጠበ ጣት አይግለጡ። ዐይንዎ ራሱ ከተመረዘ ደግሞ እስኪሻልዎ ንባቡ ይቅር። በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት መራመድን ወይም ቢያንስ ቁርጭምጭሚትዎን ማንቀሳቀስን አይርሱ፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መዋል በእግር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ ያሳድጋል።

5. የስም ካርድ ይሥሩ

አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት በዕልባት ልክ ይቁረጡ። ይህ ካርድ ዕልባትም ማስታወሻም ነው፤ ሁልጊዜ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ስለሚሆን ለመፈለግ መነሣት የለም።

በፊቱ ላይ ስሞችን ይጻፉ። ሁሉንም አይጻፉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣን ሰው ብቻ ይመዝግቡ። ከስሙ አጠገብ ሁለት ነገር ይበቃል፦ የማን ምን እንደሆነና ዐይን ውስጥ የሚቀር አንድ ምልክት። «የእሱ እኅት፣ ኩሩ»፤ «አበዳሪዋ፣ አሮጊት»።

የሩሲያ ልቦለድ የሚያነቡ ከሆነ ስሙ ላይ ጥቂት ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ በዚህ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። የሩሲያ ሰው ስም ሦስት ክፍል አለው፦ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቤተሰቡ ስም። መካከለኛው በወንድ «ኦቪች» ወይም «ኤቪች»፣ በሴት «ኦቭና» ወይም «ኤቭና» እያለ ያበቃል። ስለዚህ በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ሮድዮን ሮማኖቪች ሲባል «የሮማን ልጅ ሮድዮን» ማለት ነው፤ አቭዶትያ ሮማኖቭና ሲባል የእኅቱ ስም መሆኑ ከአባት ስሙ ወዲያው ይታወቃል። የቤተሰብ ስሙ ራስኮልኒኮቭ ነው፤ እናቱ ሮድያ ትለዋለች፤ አቭዶትያም በቤት ስሟ ዱንያ ናት። አምስት ሰው የመሰለዎት ሁለት ሰው ነበር። በካርዱ ላይ ሦስቱንም አጠራር በአንድ መስመር ካሰፈሩ የግማሹ መጽሐፍ ግርታ ያልቃል።

ስም የሚደጋገምበት ልቦለድ ግን ዝርዝር አይበቃውም። የጋርሲያ ማርኬስ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ውስጥ አውሬሊያኖና ሆሴ አርካዲዮ የሚሉት ስሞች ከትውልድ ትውልድ ይመላለሳሉ፤ በአንድ አባት ብቻ አሥራ ሰባት አውሬሊያኖዎች ይወለዳሉ። እዚህ የትውልድ ሐረግ ይሥሩ፤ በብዙ ቅጂዎች መግቢያ ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ያንን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙት። የተደጋገመው ስም ትንሽ ቢያምታታዎትም አይዘኑ፤ መምታታቱ ራሱ ደራሲው የፈለገው ነገር ነው።

የካርዱ ጀርባ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ባቆሙ ቁጥር አንድ መስመር። እንዴት እንደሚጻፍ ከታች አለ።

6. ሃያ ደቂቃዋን እንዴት እንደሚያነቡ

ከመጀመርዎ በፊት የካርዱን ጀርባ የመጨረሻ መስመር ያንብቡ፤ ከዚያ ባለፈው ካነበቡት የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ ይድገሙ። ይህ የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ እንደ ቀዘቀዘ ሞተር ነው፣ ካልሞቀ አይነሣም።

መጽሐፉ አስቸጋሪ እንደሆነ ከታወቀ የምዕራፉን አጭር ይዘት አስቀድሞ ማወቅ ነውር የለውም። ምን እንደሚሆን ማወቅ ደስታውን የሚገድለው ሴራው ሁሉ ነገሩ በሆነ መጽሐፍ ላይ ነው። በከባድ ልቦለድ ግን «ምን ሆነ» የሚለውን ጭንቀት ካወረዱልዎ፣ «እንዴት ተነገረ» ለሚለው ጉልበት ይተርፍዎታል። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ረጅም የምሁር መግቢያ ግን ለመጨረሻ ይተዉት፤ መጽሐፉን ላነበበ ሰው ነው የተጻፈው።

የማያውቁት ቃል ሲመጣ በእርሳስ ነጥብ አድርገውበት ይለፉ። ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት የሚከፍት በሽተኛ ገጹን ሳይጨርስ ይደክማል። ያው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ብቻ ይፈልጉት።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ አነባበቡ እንደ ቋንቋው ነው። በአማርኛ ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዐይንዎን መጀመሪያ ወደ አራት ነጥቡ ልከው ግሱን ይያዙ፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ያንብቡ። ማን ምን እንዳደረገ አስቀድመው ስላወቁ በመሀል ያሉት «ሲል»፣ «ብሎ»፣ «እንደ» የሚሉት ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ባለቤቱና ግሱ ብዙውን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ስለሚቀርቡ እነሱን አጥብቀው ይዘው የቀረውን ጭራ ዘና ብለው ይከተሉት። ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ማንበብም ይረዳል፤ ልጅነት ነው የሚል ካለ ይበል። ጉሮሮዎን ካመመዎ ግን ድምፅ አያውጡ።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ወይም ቀልብዎ ሲሸሽ ያቁሙ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያቆሙት ገና መቀጠል እየቻሉ ነው። ከእንፍሉዌንዛና ከመሰሉ ሕመሞች በኋላ የሚመጣ ድካም በሚደክሙበት ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ በማግሥቱ ነው ዕዳውን የሚጠይቀው። ጥሩ ስለሆነልኝ ብዬ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል አንብቤ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ጣሪያ ሳይ ውያለሁ። በማግሥቱ የባሰብዎ ከሆነ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ደህና ከሆነ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ።

የሚያቆሙበት ቦታ የምዕራፍ መጨረሻ ባይሆን እመርጣለሁ። ምዕራፍ ሲያልቅ በር ይዘጋል፤ ነገ እንደገና መክፈት አለብዎት። አንድ ሰው በር እያንኳኳ እያለ ያቆመ አንባቢ ግን ማን እንደመጣ ለማወቅ ሲል ነገ መጽሐፉን ያነሣል። ከዚያ በካርዱ ጀርባ ያቺን አንድ መስመር ይጻፉ፦ ማን፣ የት፣ ምን እየጠበቅኩ ነው። «ዱንያ ከወንድሟ ክፍል፣ ተቆጥታለች፣ እጮኛዋ ይመጣ ይሆን?» ይህን ያህል ይበቃል።

7. ዐይን ሲደክም በጆሮ

በድምፅ የተቀረጸ ልቦለድ ለበሽተኛ ምትክ የለውም፤ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተኝተው ሲያዳምጡ ያንቀላፋሉ፣ ታሪኩ ግን አያንቀላፋም። ስለዚህ ማጫወቻው ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ ያስተካክሉት፤ ከተኙ የሚጠፋብዎ ጥቂት ይሆናል። ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግም ይቻላል።

አዲስ ምዕራፍ በጆሮ ብቻ መጀመር አልወድም። ጠዋት በዐይን ያነበብኩትን ያንኑ ክፍል ከሰዓት በኋላ ዐይኔን ጨፍኜ አዳምጠዋለሁ። ጠዋት ያመለጠኝ ሁሉ ያኔ ነው የሚገባኝ፤ ጥሩ ተራኪ የማን ንግግር የት እንደሚያበቃ በድምፁ ይለየዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው፣ አንድ ድምፅ ስንት ሰው መሆን እንደሚችል ያውቃል። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ድምፁን እየሰሙ ጽሑፉን በዐይን መከተል። ቀልብ አልሰበሰብ ባለ ቀን ድምፁ እጅዎን ይዞ ይጎትትዎታል።

ቤት ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። አስታማሚ ብዙውን ጊዜ ምን ላድርግልህ እያለ የሚጨነቅ ሰው ነው፤ አሥር ደቂቃ ማንበብ ለእሱም ዕረፍት ይሆነዋል። የሚከብደውን ገጽ እንጂ የሚያጓጓውን አይስጡት፤ የሚያጓጓውን ከሰጡት መጽሐፉን ይወስድብዎታል።

8. ሲጣበቁ መዝለል ይፈቀዳል

ያልገባዎት ገጽ ሁለት ጊዜ ከተነበበ ይበቃዋል። በሦስተኛው ይለፉት። ከባድ ልቦለድ የማይገባ ገጽ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የተጻፈው፤ ከሃያ ገጽ በኋላ ሌላ ነገር ያበራዋል፣ ወይም አያበራውም።

ለምሳሌ የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1904 በደብሊን በአንድ ቀን የሚውል፣ 18 ክፍል ያለው ልቦለድ ነው። ብዙ አንባቢ የሚቀረው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ስቲቨን የሚባለው ወጣት ባሕር ዳር እየሄደ ሐሳቡ እንዳሻው ይፈስሳል። አራተኛው ክፍል ግን ሰዓቱን ወደ ማለዳ መልሶ በሌላ ሰው ቤት፣ ሊዮፖልድ ብሉም ቁርስ ሲያዘጋጅ ይጀምራል። ሦስተኛውን ትተው ከአራተኛው ቢጀምሩ ከታሪኩ የሚጎድልብዎ ጥቂት ነው፤ ሲሻልዎ ይመለሱበታል። የሚያነቡት ሌላ መጽሐፍ ቢሆንም እንዲህ ያለ አዲስ በር ይፈልጉ፦ ተራኪው የሚቀየርበት፣ ቦታው የሚቀየርበት፣ ቀኑ እንደገና የሚነጋበት።

ሃምሳ ገጽ ሄደው አሁንም መጽሐፉን ለማንሣት እጅዎ ከከበደዎ ይተዉት። ሕመምን ለማሸነፍ የተያዘ ልቦለድ ራሱ ሌላ ሕመም ሲሆን አይቻለሁ። እንዳይታይዎ ከአልጋው አጠገብ ያንሡትና ሌላ ይያዙ።

9. ከመዳንዎ በፊት ድልድይ ይሥሩ

ሥራ ወይም ትምህርት ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀርዎ ካርዱ አይበቃም። አንድ ሙሉ ገጽ ይጻፉ። እስካሁን የሆነውን በአሥር መስመር፣ አሁን በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ገጸ ባሕርያት፣ ያልተፈታውን አንድ ጥያቄ፣ እና የት ገጽ ላይ እንዳሉ። ከነገ ወዲያ በጥድፊያ መሀል ያለው እርስዎ ዛሬ አልጋ ላይ ያለውን እርስዎን አያስታውሰውም። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ከአራት ወር በኋላ ስመለስ ገጽ 412 ላይ ዕልባቱን እንጂ ሌላ ምንም አላገኘሁም።

ከዚያ የንባቡን ሰዓት ያዛውሩት። ሲታመሙ ጠዋት የነበረችው ሃያ ደቂቃ በሥራ ቀን ቦታ ላታገኝ ትችላለች፤ ለመጀመሪያው ሳምንት አሥር ደቂቃ አድርገው ሌላ ሰዓት ላይ ይትከሏት። መጽሐፉን ከአልጋው አጠገብ አንሥተው አሁን ወደሚቀመጡበት ቦታ ይውሰዱት፤ ያቺ አንድ ገጽም ካርዱ ባለበት ትግባ።